ጎማ ከማስፋት በፊት ቸርኬ፦ በቶዮታ ጂቲ 86 ላይ የተሠራ ስሌት

መነሻው ከፋብሪካ የወጣው ልክ ነው፦ 215/45 አር 17 ጎማ (215 ስፋቱ በሚ.ሜ፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች)፣ 7 ኢንች ስፋትና 48 ሚ.ሜ ኦፍሴት (ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከስፋቱ መሃል ወደ ውጭ ያለው ርቀት) ያለው ቸርኬ። የጎማው ጎን የ215 45 በመቶ፣ ማለትም 96.75 ሚ.ሜ ነው። ሁለቱ ጎኖች ከቸርኬው 431.8 ሚ.ሜ ጋር ሲደመሩ ጠቅላላ ቁመቱ 625.3 ይመጣል። አዲስ ምርጫ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ይመዘናል።

245/40 አር 17 ቁመቱ 627.8 ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። 225/45 አር 17 በ1.4 በመቶ ይበልጣል፤ እሱም አያስቸግርም። 235/40 አር 18 ግን 645.2 ይደርሳል። ይህ 3.2 በመቶ ጭማሪ ማርሾቹን ሁሉ ያረዝማል (በአንድ የሞተር ዙር መኪናዋ ራቅ ብላ ትሄዳለች፣ ፍጥነት ለመጨመር ግን ትዘገያለች)፣ መኪናዋንም በ10 ሚ.ሜ ገደማ ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ የ18ቱ ቸርኬ ክብደቱን ከመሃል ያርቃል። ትልቅ ካሊፐር (የፍሬን ሸራ የሚጨምቀው ክፍል) ካልተገጠመ 17 ላይ መቆየት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቸርኬው ስፋት ነው። 245/40 የሚፈልገው ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ነው። በ7 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፤ መሪው ሲዞር መጀመሪያ የሚታጠፈው ጎኑ ነው፣ መሬት የረገጠው ፊት ዘግይቶ ይከተላል። መሪው የላላ የሚመስለውና የጎማው የውጭ ትከሻ ቀድሞ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። 225/45 ከ7 እስከ 8.5 ስለሚቀበል 8 ላይ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ8 ኢንች ላይ ያለ 225፣ በጠባብ ቸርኬ ላይ ከታጨቀ 245 ይልቅ ለመሪ ቶሎ ይመልሳል።

አሁን ኦፍሴት። ከ7 ወደ 8 ኢንች ሲኬድ ስፋቱ በ25.4 ሚ.ሜ ይጨምራል፤ በየጎኑ 12.7 ማለት ነው። ኦፍሴቱ ከ48 ወደ 40 ቢወርድ ቸርኬው 8 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ወደ ሾክ አብዞርበሩ የሚጠጋው 4.7 ብቻ ሲሆን ወደ ፓራፋንጎው የሚወጣው 20.7 ነው። ከመግዛት በፊት በሁለቱም በኩል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ የፊቱን መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ ሞላውም ተጨምቆ። ኦፍሴቱን ከዚህ በጣም ማውረድ መሪውን በጉድጓድና በፍሬን ጊዜ እንዲጎትት ያደርጋል፤ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበዛል።

የኋላውን ብቻ ማስፋት በዚች መኪና ላይ አይመከርም። የኋላው ሲይዝ የፊቱ ቀድሞ ይንሸራተታል፣ አፍንጫዋ ከመታጠፊያው ወደ ውጭ ትገፋለች። አራቱም እኩል ሲሆኑ ጎማ ማቀያየርም ይቻላል።

ሲገጠም የዳዶዎቹ ክብ 5 በ100 (አምስት ዳዶ በ100 ሚ.ሜ ዲያሜትር ክብ ላይ)፣ የሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው መሃሉ ላይ የሚገባበት ክፍል፣ ዲያሜትር 56.1 ሚ.ሜ መሆኑን አትርሱ። የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከዚህ ከሰፋ ማማከያ ቀለበት ይግባበት፤ ያለዚያ ቸርኬው ትንሽ ከመሃል ወጥቶ ሊታሰርና ባላንስ ቢሠራም መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ዳዶዎቹ የተቀመጡበት ቅርጽ ሾጣጣ ይሁን ክብ ከቸርኬው ጋር ይመሳከር። ከ100 ኪ.ሜ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንደገና ይፈተሹ።

ነፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በመኪናው መመሪያ ልክ ሙሉና በትከሻው ላይ ጠመኔ አስምሩ። በዝግ ሜዳ ጥቂት ዙር ከተነዳ በኋላ ጠመኔው በጎኑ ላይ ካለው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አልፎ ከጠፋ 0.1 ባር ጨምሩ፤ ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ከቀረ በዚያው ልክ ቀንሱ።