የሰሌዳው 23 ዲግሪ

ዘንግ፣ ክርና መንጠቆ ማሰናዳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። የማጥመጃ ፈቃዱም ሳያንገላታኝ ወጣ። አራት ቅዳሜ ባዶ እጄን የመለሰኝ አንድ ቁጥር ነው።

ብርዱ ለቅቆ ፀሐይ መክረር ጀምራለች። በሐይቁ መግቢያ ሰሌዳ ላይ «የውኃ ሙቀት 23» ተብሎ ተጽፏል። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መብላት እንደሚቀንስ፣ ከ25 እስከ 30 ሲሆን ግን አጥብቆ እንደሚበላ አውቃለሁና ደስ አለኝ። ትልቅ ዓሣ ጥልቅ ውስጥ ነው ብዬ መንጠቆዬን አራት ሜትር ሰደድኩት። ክሩ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። በሁለተኛው ቅዳሜ ትሉን ቀየርኩ፤ በሦስተኛው መንጠቆውን አሳነስኩ፤ በአራተኛው ዓሣዎቹን ረገምኩ።

በአምስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትቼ፣ ድንጋይ አስሬበት ወደ ታች ለቀቅኩት። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ከነውኃው ስስበው 15 ዲግሪ ይላል! ሰሌዳው የሚያወራው ፀሐይ ስላሞቀችው የዳር ውኃ ኖሯል። ለሠራተኛው ብነግረው «ሁልጊዜ የምንለካው እዚሁ ነው» ብሎኝ ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ። ከእርሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውኃው ሲበርድ ሆዱም ይተኛል። ይህን እያወቅኩ አንድ ወር ሙሉ ለተኙ ዓሣዎች ትል ሳቀርብ ከረምኩ።

ያን ዕለት ነፋሱ የላዩን ሙቅ ውኃ ወደሚገፋበት ዳርቻ ዞሬ፣ ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ጣልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ቆሮሶ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን አያለሁ። ካርፕ ለሚባለው ዓሣ እየጨመረ ያለ 18 ዲግሪ፣ እየወረደ ካለ 22 ይሻለኛል። ቀዝቃዛ ዝናብ በዘነበ ማግስት ከቤት አልወጣም።

በሙቀት ወራት «ጎሕ ሳይቀድ ውረዱ» የሚለውን መመሪያ ደግሞ አረም በበዛበት ኩሬ አልቀበለውም። ሙቅ ውኃ ድሮውንም ኦክስጅን አይበረክትለትም፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል የሚይዘው፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ከዚያ ላይ አረሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያንኑ ኦክስጅን ሲሻማው ያድራል፤ ንጋት ላይ ዓሣው አየር እንጂ ምግብ አያምረውም። እኔ ወደዚያ የምወርደው አመሻሽ ላይ ነው። አምባዛ ብቻ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል፣ ለእርሱ ሲሆን በንጋትም እሄዳለሁ።