የሞተር ሙቀት ሴንሰር ኮድ መጣ ተብሎ ሞተር አይቀየርም

2016 ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስም የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ብልሽቱም አብሮ መጥቷል። ሰሞኑን አንድ ጋሼ መኪናቸውን ይዘውልኝ መጡ። ዓባይ በረሃን ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በርቶ ጉልበት እምቢ አላቸው፣ ተሳቢ ሁሉ እያለፋቸው ነው ዳገቱን የጨረሱት። ሌላ ቦታ ስካነር ተሰክቶ የሞተር ሙቀት ሴንሰር የሚል ኮድ ወጣ፣ ሴንሰሩ ደሞ የሞተሩ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ለብቻው አይወጣም፣ በቃ ሞተሩ ሙሉ ይቀየር ተባሉ። ዋጋውን ባልናገር ይሻላል።

ኮዱ የሚለው'ኮ ከዛ መስመር የሚመጣው ንባብ ልክ አይደለም ነው፣ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም። መጀመሪያ በእውነት ሞቆ እንደሆነ ማየት ነው፣ ያን ዳገት ለሚያውቅ ሞተር ቢሞቅ አይገርምም። ስካነሩን ሰክቼ እየነዳን ቁጥሩን ሳይ 60 ዲግሪ የነበረው በቅጽበት ከዜሮ በታች 40 ገባ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ገባ። ሙቀት እንዲህ አይዘልም፣ ጮቄ ጫፍ ላይም 40 ከዜሮ በታች የለም።

የዚች መኪና ሴንሰር ሲሞቅ ኦሙ (ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ) የሚወርድ ዓይነት ነው፣ 25 ዲግሪ ላይ 10 ኪሎ ኦም፣ 80 ላይ 1.3 ኪሎ አካባቢ። ሽቦ ሲቋረጥ ኦሙ መጨረሻ የለውም፣ ኮምፒውተሩ በጣም ቀዝቅዟል ብሎ ያነባል፣ ንባቡን ስለማያምነው ደሞ ሞተሩ እንዳይቃጠል ጉልበት ይቀንሳል። ሾርት ቢሆን በተቃራኒው እሳት የሆነ ቁጥር ነበር የሚያሳየው። (ሲሞቅ ኦሙ የሚጨምር ሴንሰር ያላቸውም አሉ፣ ማንዋሉን እዩ።)

መኪናዋ ጋራዥ አደረች። ሌሊቱን ስለምትቀዘቅዝ ጠዋት የሞተሩ፣ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው) እና የውጭው ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከዛ የሃይቮልቴጁን መቁረጫ ነቅሎ፣ ማንዋሉ ያለውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ቮልቴጅ አለመኖሩን ለክቶ ነው ብርቱካናማው የሃይቮልቴጅ ኬብል አጠገብ እጅ የሚገባው፣ ያልሰለጠነ ሰው ባይነካው ይሻላል። በቴስተር ሴንሰሩን ስለካው 14 ኪሎ ገደማ፣ ለማርቆስ ጠዋት ልክ ነው። በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ ደግሞ በሴንሰሩ ፈንታ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኦሙ የማይለዋወጥ ትንሽ እቃ) ሰክቼ ስካነሩን ሳይ 25 ዲግሪ አለ፣ ሽቦውን ወዝወዝ ሳደርገው ከዜሮ በታች 40!

ሶኬቱን ገልጬ ሳይ አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝጎ ወደ ኋላ ገብቷል፣ ውሃ የሚከለክለው ላስቲክም ሸሽቷል።

"ጋሼ፣ ላቫጆ ከስር ያሳጥባሉ?"

"በየሳምንቱ ነዋ፣ በግፊት ውሃ!"

ከሌላ አሮጌ ሶኬት ላይ ደህና ፒን አውጥቼ ቀየርኩት፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ሲነዳም ቁጥሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው የሚወርደው። ላስቲኩን ግን እዚህ አላገኘሁም፣ ባህር ዳር ለብቻው የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።