ቅጠሉን መጥረግ የተውኩ ጊዜ

መጸውን ለብዙ ዓመት የማውቀው በመጥረጊያ ነበር። ቅጠል ይረግፋል፣ እጠርጋለሁ። ነፋስ ያመጣል፣ እንደገና እጠርጋለሁ። የደረቀውን አበባ ከሥሩ እቆርጣለሁ፣ መደቡን ባዶ አስቀራለሁ። ጓሮው ሲጸዳ ለእኔ ወቅቱም አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በሩን ዘግቼ ብርዱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ስጠርግ ውዬ 14 ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ሞላሁ። አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያንን ሁሉ ወርቅ ወዴት ልትሰጂው ነው?» አሉኝ።

«ቅጠል እኮ ነው እማማ። ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ ያልሽው አንቺ ነሽ። በይ አንዱን ፌስታል እንኳ አስቀሪው። ትንሽ ውሃ ጨምሪበት፣ ጎን ጎኑን ብሺው፣ ከዚያ እርሺው።»

አስቀረሁት። እሳቸውን አክብሬ ነው እንጂ አምኜበት አልነበረም። እንዳሉኝም ረሳሁት።

በዓመቱ ሌላ ዕቃ ስፈልግ አገኘሁትና ከፈትኩት። ቅጠሉ ግማሽ በግማሽ አፈር ሆኗል። ቡኒ ነው፣ እርጥብ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ይሸታል ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር የፈታሁት። የወጣው ሽታ ግን ዝናብ አባርቶበት የቆመ ጫካ ነው። ተንበርክኬ ደጋግሜ አሸተትኩት። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህን የአፈር ጠረን የሚሰጠው ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚሠሩትም አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የሰው አፍንጫ ደግሞ ለዚህ ሽታ በጣም ስሱ ስለሆነ ኢምንቷን እንኳ ይለያታል። ያን ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም። ግን ሌሎቹን 13 ፌስታሎች አስቤ አዘንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰጠሁትንም ቅጠል አሰብኩ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አሁን አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

በመጀመሪያ የቅጠል ማከማቻ ሠራሁ። ቀላል ነው። አራት እንጨት በአራት ማዕዘን መሬት ውስጥ ተከልኩ፣ በየመካከላቸው 1 ሜትር ያህል ርቀት አለ። ዙሪያውን በሽቦ መረብ ከለልኩትና ቅጠሉን እስከ አፉ ሞላሁት። ጨረስኩ ብዬ ሄድኩ። በዓመቱ ስገልጠው ከላይ ያለው ረግቧል፣ መሀሉ ግን እንደገባ ነው። ደረቅ፣ የሚንኮሻኮሽ፣ አንድም ያልተነካ ቅጠል። ለካስ ቅጠልን በዋናነት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ እንደ ኮምፖስት ሙቀት አይፈልግም፤ እርጥበት ነው የሚፈልገው። አሁን ቅጠሉን አንድ ክንድ በሞላሁ ቁጥር በደንብ አጠጣዋለሁ። ከቻልኩም ከመጨመሬ በፊት የሣር ማጨጃውን አስኬድበታለሁ፤ የተከታተፈ ቅጠል ቶሎ ይፈርሳል። ወፍራምና ቆዳ የመሰለ ቅጠል ካለ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ዓመት የተኛው መደብ ለማልበስ ይሆናል። ዘር ለማፍላት ከፈለጉ ሁለት ዓመት ይተዉት።

ሥራው ይህ ነው። ደስታው ግን የመጣው ካሰብኩት ቦታ አልነበረም። ቅጠሉን ለመጠበቅ ስል ብቻ በየጠዋቱ ወደ ጓሮ መውጣት ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ነው። ከሥራ በፊት፣ ትኩስ ነገር በእጄ ይዤ። እና እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ሌላ ጓሮ አሳዩኝ።

ለምሳሌ ሸረሪት። ጓሮዬ ውስጥ ይህን ያህል ሸረሪት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሌሊቱ ጠርቶ ነፋስ ከሌለው መሬትና ቅጠል ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ። በቀዘቀዙት ላይ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ጠዋት ፀሐይ ገና ጎን ለጎን ስትመጣ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ስቆም፣ እስከዚያ ያልታየኝ ድር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበራል። አጥሩ ላይ፣ በጽጌረዳው መካከል፣ በበሩ እጀታና በግድግዳው መካከል ሳይቀር። አንድ ቀን 23 ቆጠርኩ። ፀሐይን ከጀርባ አድርጌ ባይ አንዱም አይታየኝም ነበር። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፤ ጤዛው ሳይደርቅ ውጡ፣ ብርሃኑን ከፊት አድርጉ።

አንድ ምሽት ደግሞ ሸረሪቷ ስትሠራ ደረስኩ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ አየኋት። መጀመሪያ አንዲት ክር ለነፋስ ለቀቀች። ክሯ ማዶ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ተያዘች። ከዚያ ዙሪያውን አጠረች፣ ከመሀል ወደ ዳር እንደ መንኮራኩር ዘንግ ዘረጋች፣ መጨረሻ ላይ ጠመዝማዛውን እየዞረች ሞላች። በእግሯ እየለካች ነው የምታስቀምጠው። እንደ እሷ ያሉት ሸረሪቶች አሮጌውን ድር ይበሉትና ያንኑ ለአዲሱ ይጠቀሙበታል። ሐር አይባክንም። ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ ማከማቻው የምወስደው መንገድ ላይ ድር ካለ ዞሬ እሄዳለሁ።

ሁለተኛው የማልረሳው ነገር የመሬት ትል ነው። ሣሩ ላይ አንዳንድ ቅጠሎች ተጠቅልለው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው አያለሁ። ልጄ እየተጫወተች ተክላቸዋለች ብዬ ነበር። ጠየቅኳት። «እኔ አይደለሁም» አለች፤ እሷም ገርሟታል። ነገሩን ስከታተል የትል ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ማታ ይወጡና ቅጠሉን በቀጭኑ ጫፍ ይዘው ወደ ጉድጓዳቸው ይጎትቱታል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርለስ ዳርዊን ይህን ለዓመታት አጥንቶታል። ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ትል ነው። ያን የሚያህል ሰው የመጨረሻ ትኩረቱን ለትል መስጠቱ በጣም ልቤን ነካው።

እኔና ልጄም ልናያቸው አንድ ሌሊት መረጥን። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል። ትል ለቀይ ብርሃን ብዙም ስሜት ስለሌለው የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፈንነው። በእግር ጣታችን ሄድን፤ መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ይገባሉ። ነበሩ። ግማሽ አካላቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል። አንዱ ቅጠል ሲጎትት አየን። ቅጠሉ እምቢ ይላል፣ ትሉ ያርፋል፣ እንደገና ይጎትታል። ከዚያ «ሽው» የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማን። ቅጠሉ ገባ። ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛ ትንፋሿን ውጣ ነበር። አዲስ መጫወቻ ገዝቼላት እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

ስለ ቀለሙም ልናገር። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ይፈታና የሚጠቅመውን ከቅጠሉ መልሶ ይሰበስባል። አረንጓዴው ሲሄድ ሥሩ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ቢጫው ከሞቃቱ ወራት ጀምሮ እዚያው ነበር። ቀዩ ግን በአብዛኛው በዚሁ ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ግን ውርጭ የሌለው ሲሆን ይበልጥ ይደምቃል። ጓሮዬ ጥግ ያለው ዛፍ አንድ ዓመት እንደ እሳት ነድዶ በሚቀጥለው ዓመት ደብዝዞ ያለፈው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያን ዓመት ሰማዩ እንደ ተከደነ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ከመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ በኋላ ያለው ጠዋት ነው። ነፋስ የለም። ዝም ያለ ነው። ፀሐይ የዛፉን አናት ስትነካ ቅጠሉ አንድ በአንድ፣ ከዚያ አሥር በአሥር ይወርዳል። ዛፉ በየቅጠሉ እግር ሥር መለያያውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ የቀረው ትንሽ ምክንያት ብቻ ነው። ድምፁን ቆሞ መስማት ያስፈልጋል። እንደ ቀስ ያለ ዝናብ ነው፣ ግን ደረቅ። ያን ጠዋት ዘግይቼ ሥራ ገብቻለሁ። አይቆጨኝም።

አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ነው የተማርኩት። የደረቁ አበቦችን ሁሉ አለመቁረጤ ጥሩ ሆነ፤ የሱፍ አበባውን ራስ ትናንሽ ወፎች ተንጠልጥለው ይፈለፍሉታል። ባዶው አገዳ ውስጥ ደግሞ ነጠብጣብ ያላቸው ቀይ ጥንዚዛዎች ተጠጋግተው ብርዱን ያሳልፋሉ። ነገር ግን አንድ ዓመት «ሁሉም ይቆይ» ብዬ የታመመውን የቲማቲም ግንድም ተውኩት። ነጠብጣብ የያዘውን የጽጌረዳ ቅጠል ከሥሩ አላነሳሁም። በሚቀጥለው ዓመት በሽታው ቶሎ ተመለሰ። አሁን የታመመውን ለይቼ አወጣለሁ፣ ጤነኛውን እተዋለሁ። መንገዱንና ደረጃውንም እጠርጋለሁ፤ እርጥብ ቅጠል ያንሸራትታል። ሣር ላይ በጣም የተከመረውንም አነሳለሁ፣ አለዚያ ሣሩ ይታፈናል።

ስልኬንም ቤት ትቼ መውጣት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ፎቶ አነሳ ነበር። መቶዎች ፎቶዎች አሉኝ፤ ያነሳሁበትን ጠዋት ግን አላስታውስም። አሁን በሩ አጠገብ ደብተር አለ። ስመለስ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ከዚያ በላይ አልጽፍም። «ጭጋግ። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል።» «ውርጭ። የዱባው ቅጠል በአንድ ሌሊት ጠቆረ።» «ልጄ ኪሷን ዘር ሞልታ ገባች።» ይህችን ሦስተኛዋን ሳነብ የዘሩ ድምፅ ሳይቀር ይመጣልኛል።

በዚህ ወቅት የምተክለው ነጭ ሽንኩርት ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም አፈሩ የሞቃቱን ወራት ሙቀት ገና ይዟል፤ እጅ ሲገባበት ይታወቃል። ፍሬውን ለያይቼ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እቀብረዋለሁ። በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ። ብርድ ካላገኘ በደንብ ወደ ፍሬ አይከፋፈልም፤ ስለዚህ የሚመጣው ቅዝቃዜ ለእሱ ያስፈልገዋል። ከላይ የቅጠሉን ብስባሽ አለብሰዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓመት የተኛውን ከፈትኩ። ጥቁርና ልስልስ ሆኗል፣ ቅጠል የነበረ አይመስልም። አንድ ባልዲ ሞልቼ ለጎረቤቴ ወሰድኩላቸው። ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለደከመ ከቤት ብዙም አይወጡም። ባልዲውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ከተቱበት፣ አንድ እፍኝ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዝም ብለው ቆዩ።

«ሽንኩርቱን ተከልሽ?» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት ነው እማማ።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ወንበር ብቻ አውጪልኝ፤ ከዛፉ ሥር።»