ቢጫው ጆግ

ዛሬ ያከራየኋት ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ከታች ያሉት እማማ «ልጄ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል» ብለው ደውለውልኝ። ቧንቧ ሠሪው ከሲንኩ ስር ገብቶ የተበላች ጎሚኒ አወጣ፤ ከጥፍሬ አትበልጥም። ዋጋዋ ከታክሲ ሒሳቤ አያልፍም፤ የእማማን ጣሪያ ማስቀባት ግን የወሩን ኪራይ ግማሽ ይዞት ሄደ።

እኔን የያዘኝ ጆጉ ነው። ከቧንቧው ስር የተቀመጠ፣ አፉ የተሸረፈ ቢጫ ጆግ። ተከራይዋ ለካ ከጥምቀት ጀምሮ ማታ ማታ ስትደፋው ኖራለች።

«ምነው እህቴ፣ ሳትነግሪኝ?»

«ኪራይ እንዳትጨምርብኝ ፈርቼ።»

ውላችን በቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሠረት የ2 ዓመት ነው፤ ጭማሪውም በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን እንጂ በእኔ ፍላጎት አይደለም። ሁለታችንም ፈርመናል (ማን ያነበዋል!)።

ማታ ወጪውን ደብተሬ ላይ «ጎሚኒ» ብዬ ጀመርኩ። ጆጉን የት እንደማስገባው ግራ ገብቶኝ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።