ያድግበታል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ተዋናዮቹን ልብስ ስናስሞክር ዋልን። የፊልሙ ቀረጻ ሊጀመር ነው። እኔን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምክንያት ከፍቶኛል፤ ድሬ እንዲህ ስትሞቅ እንደማልቻል ታውቃላችሁ።

የድሮ የሽመንደፈር (የባቡሩ) ሠራተኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ኮቶቹን ያሰፋነው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ነው። እዚያ ሲለኩ ሁሉም አምሮባቸው ነበር። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሱፍ ያስለብሳል። ደንገጎን ወርዳችሁ ድሬ ስትገቡ ግን 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል፣ እና ያው ኮት ሰው ይቀቅላል። ዋናው ተዋናይ ግራጫውን ሸሚዝ ለብሶ ገና ሳይናገር ብብቱ ጠቆረ። ግራጫ ላብ አይደብቅም ብዬ ነበር፤ የሚሰማ የለም። ቀየርነው። ከዚያ ተቀመጥ፣ ጎንበስ በል፣ እጅህን ስቀል፣ ፎቶ፤ የቱ ቁልፍ ተከፍቶ እንደነበር ኋላ እንዳንጣላ።

ከዚያ ልጁ መጣ። ኮቱ እጁን እስከ ጣቱ ዋጠው። ስፒል በአፌ ይዤ እጅጌውን ላሳጥር ስል እናቱ ከኋላዬ፣ «ተይው አቦ፣ ያድግበታል!» አለችኝ።

ፊልም እኮ ነው! ቀረጻው ሲያልቅ ኮቱ ወደ ሻንጣ ይመለሳል፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ። በሳቅ ሞትን። ዳይሬክተሩ ግን «እንዳለ ይሁን» አለ። ልክ ነው፣ የዚያን ጊዜ ልጅ ልኩ የሆነ ኮት ከየት አምጥቶ?

እኔም ከየት አምጥቼ? እማዬ የበዓል ቀሚስ ስትገዛልኝ ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ትለካና አንድ ቁጥር ጨምራ ነበር የምታነሳው። ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቁመቴ ሲጨምር እጥፋቱ ይፈታል፣ እና ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ቀለሙ ከሌላው ስለሚደምቅ ቀሚሴ ላይ መስመር ይቀራል፤ ጎረቤት ሁሉ በዚያ መስመር ስንት ጊዜ እንደተፈታ ይቆጥርልኛል። ልኬ የሚሆነው ደግሞ ክርኑ ሲሳሳ ነው። ያኔ ለታናሽ እህቴ ይተላለፋል። እሷ (ጅቡቲ ያለችው) እስካሁን ተበዳይዋ እኔ ነኝ ትላለች፣ አሮጌ ለብሼ አደግሁ ባይ። እኔ ደግሞ ቢያንስ ልክሽ ነበር እላታለሁ። በስልክ ስንት ጊዜ ተከራከርንበት፣ ሂሳቡን እሷ ከፍላ።

አሁን የራሴን ገንዘብ ይዤ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብቼ እንኳን ልኬን አልገዛም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ቀሚስ አለ። ስቀንስ እለብሰዋለሁ። እማዬ ለምታድግ ልጅ ነበር የምትገዛው፤ ቢያንስ ልጅቷ በእርግጥ ታድግ ነበር።

ማታ ለሠራተኛው የሚታተመው ቲሸርት ቁጥር ይሞላ ብለው ወረቀት አዞሩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ የዋልኩ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለ ሴትዮ፣ ሚዲየም ብዬ ጻፍኩ። ሚዲየም የነበርኩት መቼ ነው?