አባ ሰላማን ለልጆች ስናስተምር

ሐምሌ 26 የአባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን በዓል ነው። ፍልሰታ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ስለሚውል በጾሙ ዝግጅት ይዋጣል። ድሬዳዋ ውስጥ በክረምት ሰንበት ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ግን ልጆቹ በእጃችሁ ያሉበት ወቅት ነውና አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡት።

ከጵጵስናው አትጀምሩ፤ ከዛፉ ጀምሩ። ፍሬምናጦስ (ኋላ አባ ሰላማ የተባለው) እና ኤዴስዮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለችው የጢሮስ ልጆች ናቸው። ሜሮጵዮስ ከሚባል ዘመዳቸው ጋር ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ፍለጋ ቀይ ባሕር ዳር ቆመች። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና የመርከቧን ሰዎች ፈጇቸው። ሁለቱን ልጆች ያገኟቸው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። አዘኑላቸውና ለአክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የንጉሡ ሒሳብና ደብዳቤ ያዥ ሆነ።

እንግዲህ «ሊሰብክ ተልኮ መጣ» የሚለው ስሕተት ነው፤ ተማርኮ ነው የመጣ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩላት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚያ ጊዜ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ ሰጣቸው። ሱቅ ውስጥ ላደገ የድሬ ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል።

ኋላ ኤዴስዮስ ጢሮስ ገብቶ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክ ቢጠይቅ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ እሱኑ ሾሞ መለሰው።

ብዙ አስተማሪ የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። አትናቴዎስ መንበሩን የያዘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ328 ስለሆነ ሹመቱ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ 2ኛ ደግሞ በ356 ገደማ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ «ፍሬምናጦስን መልሱልኝ» ብሏል፤ ያኔ ጳጳስ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩን ከኛ አቆጣጠር ጋር ካደባለቃችሁት ሁሉም ይፋለሳል።

ስሙም ያሳስታል። አባ ሰላማ መተርጉም ሌላ ናቸው፤ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ፣ ከከሳቴ ብርሃን 1000 ዓመት ያህል የሚርቁ።

መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉ፤ የኢዛና ሳንቲሞች ናቸው። በቀደመው ግማሽ ጨረቃና ክብ አድርጉ፣ በኋለኛው በዚያው ቦታ መስቀል። ምን እንደተለወጠ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ እናንተ አትቅደሟቸው።