ደረቅ አንሶላ

ካቴተሯ (ሽንት የሚያወርደው ቱቦ) በወጣ ማግስት፣ ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት ተከፍቶ ሽንት ሳያቋርጥ የሚያፈስ ቀዳዳ) የነበረባት ሴት ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር አንድ ነው፦ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ወደ ታች ሰድዳ አንሶላውን ትዳብሳለች። ደረቅ ነው። ደግማ ትዳብሳለች። እልልታው ወይም ለቅሶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዋርዱ የተኙት ሌሎቹም ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን! ለዚህች ጠዋት ስንት ዓመት ተጸልዮ፣ ስንት ስለት ተስሎ፣ ስንት ጸበል ተጠምቆ ይሆን።

ይህን የምንመሰክረው አዋላጆች ነን። የራሳችንን ታሪክ አናወራም። የምንመሰክረው እግዚአብሔር በአዲስ አበባው ሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ሠራተኞች እጅ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ዝርዝር እናበዛለን፤ ምክንያት አለን። በየጉባኤው "ጸለይኩ፣ ተፈወስኩ" ተብሎ ብቻ ሲታለፍ፣ ያን የሰማች ሌላ በሽተኛ ቤቷ ቁጭ ብላ መጠበቅ ትጀምራለች። በመሃል ያለው ሁለት ሳምንት፣ ቱቦው፣ ውሃው፣ ሌሊት የምትነሣው ረዳት ነርስ ከተዘለሉ ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት እንኳ በማርቆስ ወንጌል ላይ ከዳነች በኋላ በኢየሱስ ፊት ተደፍታ "እውነቱን ሁሉ" ነገረችው ይላል። እውነቱን ሁሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከምጥ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ከእናቲቱ ዳሌ ጋር አልመጣጠን ሲል፣ ወይም አመጣጡ ሲጣመም፣ ምጡ ይገፋል እንጂ ልጁ አይወርድም። ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ ቢሆን በሰዓታት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ከዚያ የራቀች እናት ግን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ቀን ታምጣለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛዋን ከፊት ለፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የተጫነው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ሽንቱ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ማምለጥ አይጀምርም፤ የሞተው ሥጋ ተልጦ እስኪወድቅ ከ3 እስከ 10 ቀን ሊወስድ ይችላል። ቤተሰብ ነገሩን ከምጡ ጋር ሳያያይዝ "ምች መታት"፣ "የሰው ዓይን በላት" የሚለውም ስለዚህ ነው።

እግረ መንገዳችንን ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቻችን አንድ ቃል። ምጧ ከመጠን በላይ የተራዘመባት እናት ከወለደች በኋላ፣ ሽንት ባያመልጣትም እንኳ፣ ካቴተር አስገብቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ማቆየትና በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ማጠጣት ነው። ማፍሰስ ከጀመረችም ቶሎ ከተደረሰባትና ካቴተሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ፣ ትንሽ ቀዳዳ ራሱን ሊገጥም ይችላል። ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋቸው፣ በአንዲት ቱቦ ብቻ የሚተርፉ እናቶች አሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን በጊዜው አጠገባቸው የለም።

ያልተደረሰላት ሴት ራሷ የምታመጣው መፍትሔ ጉዳቱን ያብስባታል። እንዳይፈሳት ብላ ውሃ ትተዋለች። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይከፋል፣ ጭኗን ይልጣታል፤ ፊኛዋ ውስጥም ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ምጡ ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ከጎዳው ስትራመድ የእግሯ ጣቶች መሬት ይጎትታሉ። ተኮራምታ ብዙ ወራት የተኛች ደግሞ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላል። ባል ሲሄድ፣ ከቤት ወጥታ በጓሮ ጎጆ ሲቀለስላት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያንጎራጉርባት የሚሆነውን አንዘረዝርም፤ አገር ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በሆስፒታሉ በር የምትገባው። ሠራተኞቹ ገና ደጃፍ ላይ የሚያደርጉት ነገር ከሕክምናው እኩል ይቆጠራል፦ አፍንጫ አይያዝም፤ ርቀው አይቆሙም፤ እጇን ይዘው ያስገቧታል። ገላዋን ታጥባ፣ የተላጠው ቆዳዋ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ከብጤዎቿ መካከል አልጋ ይሰጣታል። በዓለም ላይ እሷ ብቻ በዚህ የተቀጣች ይመስላት የነበረች ሴት ግራና ቀኟን ስታይ ሁሉም እንደ እሷ ናቸው። ገንዘብ አትጠየቅም። ይህ "ነፃ" የሚለው ቃል በብዙ ቦታ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቃል ነው፤ እዚህ ግን የካርድ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ እያለ አይሸራረፍም።

ኦፕራሲዮኑ ወዲያው አይሠራም። ቁስሉ ትኩስ ከሆነ ሥጋው ክር አይዝም፤ እየቀደደው ይሄዳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከወሊዱ በኋላ እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ደም ካነሳት ደሟ ይተካል፣ ከሰውነት ከወጣች ትመገባለች፣ ጉልበቷ ከደረቀ ፊዚዮቴራፒ ቀስ በቀስ ያፍታታዋል፤ ጉልበቷ ካልተዘረጋ የኦፕራሲዮን አልጋው ላይ በሚፈለገው አኳኋን መተኛት አትችልም።

ቀዳዳው የት እንደሆነ ጥርጣሬ ካለ የቀለም ምርመራ ይደረጋል። ሦስት ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) በብልቷ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ይደረደራል፤ በካቴተር ፊኛዋ ውስጥ በውሃ የቀጠነ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይገባል። ጎዙ ሰማያዊ ከሆነ የሚያፈሰው ፊኛው ነው። የላይኛው ጎዝ ረጥቦ ሰማያዊ ካልሆነ ግን ሽንቱ የሚመጣው ከኩላሊት ከሚወርደው ቧንቧ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኦፕራሲዮን ይፈልጋል። ይህችን ልዩነት ያልለየ ሐኪም ፊኛውን አሳምሮ ሰፍቶ ሴትየዋን እያፈሰሰች ሊሸኛት ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ በወገብ ማደንዘዣ፣ በታች በኩል ይሠራል። ፊኛው ከተጣበቀበት ጠባሳ በደንብ ይላቀቃል፣ ሳይወጠር ይሰፋል፣ ስፌቱ መያዙም በዚያው ቀለም ይፈተሻል። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። እኛ ግን ምስክርነታችንን የምናስረዝመው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው።

ከ10 እስከ 14 ቀን ያ ስፌት ዕረፍት ይፈልጋል፤ ፊኛው መሙላት የለበትም። ባዶ የሚያደርገው ከአልጋው ሥር ወዳለው ሳፋ ጠብ ጠብ የሚለው ካቴተር ብቻ ነው። ካቴተሩ ከተዘጋ ሽንቱ መውጫ ያጣል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ስፌቱ ይወጠራል፣ ይበጠሳል። የሁለት ሰዓት ኦፕራሲዮን፣ የዓመታት ጸሎት፣ በአንድ ሌሊት ቸልታ ይሄዳል። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ደግሞ ጠባሳ ላይ ስለሚሠራ የመሳካት ዕድሉ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው።

ስለዚህ ረዳት ነርሷ በየአልጋው ሦስት ጥያቄ ይዛ ትዞራለች፦ ትጠጣለች ወይ? ይወርዳል ወይ? ደረቅ ናት ወይ?

መጠጣቷን ለማወቅ የሳፋውን ቀለም ታያለች። የጠራ ውሃ ከመሰለ ደህና ነው፤ ጠላ ጠላ ካለ ጽዋው ተመልሶ ይሞላል። ልኩ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ እስኪያልቅ፣ ትንሽም ጨምሮ ነው። ለዓመታት ውሃ ስትሸሽ የኖረችን ሴት ይህን ማጠጣት ቀላል አይደለም፤ ልመና አለበት፣ ቁጣም አለበት፣ "ለኔ ብለሽ" አለበት። ደግሞ ውሃው የደም ጓልንና ዝቃጭን አጥቦ ያወርዳል፤ ካቴተሩን ከመዘጋት የሚጠብቀው ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጠብታው ከቆመ ነገሩ ይለወጣል። ሴትየዋ "ሽንቴ መጣ፣ እንብርቴ ሥር ወጠረኝ" ካለች፣ ወይም አንሶላው ከረጠበ፣ ጠዋት ሐኪም እስኪመጣ አይጠበቅም። ረዳቷ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቱቦውን ከጭኗ እስከ ሳፋው በጣቷ ትከተለዋለች። ተጠምዝዟል? ጭኗ ሥር ተጨፍልቋል? ጫፉ ሳፋው ውስጥ ካለው ሽንት ገብቷል? ጭኗ ላይ የተጣበቀው ፕላስተር ተላቆ እየተጎተተ ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ከእነዚህ አንዱ ነው። ካልሆነ ነርሷ በስሪንጅ ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ቀስ አድርጋ ታስገባለች፤ በኃይል አይገፋም፤ ኃይሉ ስፌቱ ላይ ያርፋልና። በዚህም ካልወረደ ሐኪም ይቀሰቀሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ይቀሰቀሳል።

እነዚህ ረዳቶች አብዛኞቹ እነማን እንደሆኑ ስንናገር ነው ምስጋናችን የሚበዛው። ብዙዎቹ ራሳቸው በዚያው ሆስፒታል ታክመው የቀሩ ናቸው። "አይዞሽ፣ ያልፋል" ሲሉ ከመጽሐፍ አላነበቡትም። ከእነሱ ሁሉ በዓለም የታወቁት ማሚቱ ጋሼ ናቸው። የሆስፒታሉ መሥራቾች፣ ባልና ሚስቱ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሠሩ ነበር ማሚቱ በምጥ ተጎድተው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ ገና በጉብዝናቸው የመጡት። ፊደል አልቆጠሩም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው መርዳት ቀጠሉ፤ ኋላም ዶክተር ሬጅናልድ እያስተማሯቸው ራሳቸው ቢላ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉ ተከፍቶ፣ ከተለያየ አገር ለመማር የሚመጡ ሐኪሞች ከእኚህ ሴት ሥር ቆመው ሥራውን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሃምሊኖችና ለእሳቸው የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖሩት።

ዓመታዊ በዓል ሲኖር የምስክር ወረቀት የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ለቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ይገባዋልም። ግን የአንዲቷ እናት ክብር የሚፈተነው ሌሊት፣ ማንም በማያይበት፣ ሳፋው አጠገብ ነው። ጭብጨባችን ወደዚያም ይድረስ።

ሁሉም ሴት አንሶላዋ ደረቅ ሆኖ አትነቃም፤ ይህም ከእውነቱ አንዱ ነው። ቀዳዳው በአብዛኞቹ ላይ ይዘጋል፤ ከእነሱም ውስጥ አንዳንዶቹ ሲያስሉ ወይም ሲነሡ ያመልጣቸዋል፣ ምክንያቱም ምጡ የሽንት መቆጣጠሪያውን ጡንቻ ጎድቶታል። ጥሩ ሠራተኛ ካቴተሩ ሳይወጣ "ድነሻል" አትልም። ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ቶሎ ቶሎ እንድትሸና ያደርጓታል፤ ከሸናች በኋላ ብዙ ሽንት ፊኛዋ ውስጥ ከቀረ ካቴተሩ ተመልሶ ይገባል። የሚያመልጣት የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ትማራለች፤ አንዳንዷ ወራት ቆይታ ይሻላታል፤ ሌላዋ ለተጨማሪ ሕክምና ትቀጠራለች። ጉዳታቸው ጨርሶ ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር አለ፤ እዚያ ሙያ ይማራሉ፣ ክትትልም ያገኛሉ። ጸሎታቸው አልተሰማም የሚል ሰው ካለ እዚያ ሄዶ ከእነሱ ጋር ቡና ይጠጣና ከዚያ ይናገር።

የምትሄደዋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ተሰጥቷት ትሸኛለች። ሁለት ማሳሰቢያ አይለያትም፦ ቢያንስ ለሦስት ወር፣ ቢቻል እስከ ስድስት ወር ከባሏ ጋር አትተኛም፤ ቀጣዩን ልጅ ደግሞ በሆስፒታል፣ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ቤት ከወለደች ያ ስፌት ሁለተኛ ምጥ አይችልም። ስለዚህ በመጨረሻው ወር ሆስፒታል አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ገብታ ትጠብቃለች፤ ምጥ እስኪመጣ መንደሯ አትቆይም። ይህን ለባሏ ወይም ለእናቷ ደግሞ የሚነግር ሰው ከጠፋ ምክሩ በር ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር ልጆችን መልምሎ፣ አስተምሮ፣ ወደመጡበት የሚመልሰው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ በሰፈራችሁ ከሰው ተለይታ የምትኖር፣ ከወሊድ በኋላ ሽንት የማይቆምላት ሴት ካለች፦ ጸልዩላት፣ ጸበሏንም አትከልክሏት፤ ውሃ ግን በደንብ ትጠጣ። ከዚያ ለቅርቡ ጤና ጣቢያ አሳዩአት፤ "ፊስቱላ ሊሆን ይችላል" በሉ፤ ቃሉን ጥሩት። ሪፈር ስታጽፉላት ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም የሃምሊን ማዕከል እንዳለ እወቁ፤ የሚቀርባትን ምረጡ። አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ፈልጉ። ለመንገዱ ትርፍ ልብስና ፕላስቲክ ያዙላት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጠው ከእናንተ አንዱ ይሁን።